1000 አምፔር ለ5 ሚሊሰከንድ፦ ይህን ፐልስ በምን ልለካው?

ባትሪ_ሠሪ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለቤት ኢንቨርተር የሚሆን ባትሪ ከ18650 ሴሎች እየገጣጠምኩ ነው። መብራት ሲጠፋ ማታውን የሚያሻግረን ነገር ነው የምፈልገው። ሴሎቹን በቀጭን ኒኬል ለማያያዝ ስፖት ዌልደር (በቅጽበታዊ ትልቅ ከረንት ነጥብ ነጥብ አድርጎ የሚበይድ መሣሪያ) ራሴ ሠራሁ። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች በፓራለል ተያይዘዋል፤ ላያቸው ላይ የተጻፈው ሲደመር 1.2 ፋራድ ይሆናል። እስከ 15 ቮልት አስሞላቸዋለሁ። ከዚያ ሞስፌቶቹ (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠሩት ትራንዚስተሮች) ለ5 ሚሊሰከንድ ከፍተው ይዘጋሉ። ኒኬሉ 0.15 ሚሊሜትር ነው።

ችግሩ ብየዳው ወጥ አለመሆኑ ነው። አንዱን ነጥብ በፒንሳ ስስበው ኒኬሉ ራሱ ይቀደዳል እንጂ ነጥቡ አይለቅም። አጠገቡ ያለው ደግሞ በጥፍር ሲነካ ብድግ ይላል። ስንት አምፔር እንደሚያልፍ ሳላውቅ ባንኩን (የካፓሲተሮቹን ስብስብ) ላሳድግ ወይስ ጊዜውን ላርዝም ማለት በጭፍን መሥራት ነው።

ያለኝ ቴስተር፣ ክላምፕ ሜትር፣ ያገለገለ ባለ ሁለት ቻናል ኦሲሎስኮፕ፣ እና ከምናለሽ ተራ የተገዛ «500 አምፔር 75 ሚሊቮልት» የሚል ሻንት (ከረንት ሲያልፍበት ትንሽ ቮልቴጅ የሚሰጥ፣ ልኩ የታወቀ ሬዚስታንስ) ነው። ክላምፕ ሜትሩ ኢንረሽ (የመነሻ ከረንት) የሚል ቁልፍ አለው፤ ግን በየፐልሱ ሌላ ሌላ ቁጥር ያሳየኛል። የቱን ልመን?

አዳማ_ኤሌክትሮ

ኢንረሹን ተጠቀም ወንድሜ። የሞተር መነሻ ከረንት በእሱ ነው የምንለካው። ጥሩ ይሠራል።

የላብ_ልጅ (ጀርመን)

አዳማ_ኤሌክትሮ፣ ለሞተር ልክ ነህ። ለዚህ ግን አይሆንም። ብዙዎቹ ክላምፕ ሜትሮች በኢንረሽ ጊዜ ወደ 100 ሚሊሰከንድ የሚሆን ጊዜ ይሰበስቡና አንድ ቁጥር ያወጣሉ። የሞተር መነሻ ከዚያ በላይ ስለሚቆይ ቁጥሩ ትክክል ይሆናል። የ5 ሚሊሰከንድ ፐልስ ግን የዚያ ጊዜ ሃያኛ እጅ ነው። እውነተኛው ከረንት 1000 አምፔር ቢሆን አርኤምኤሱ 224 አምፔር ገደማ ይወጣል፣ ተራ አማካዩ ደግሞ 50። ፐልሱ ሜትሩ መሰብሰብ ሊያበቃ ሲል ቢመጣ ከዚያም ያንሳል። ቁጥሩ የሚለዋወጥብህ ለዚህ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ክላምፑ ኤሲ ብቻ የሚለካ ከሆነ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ትልቅ ፐልስ ኮሩን (የውስጥ ብረቱን) ሳቹሬት ያደርገዋል፤ ማለትም ብረቱ ይሞላና ከዚያ በላይ ያለውን አይከተልም። ከዚያ በኋላ የምታየው ቁጥር ትርጉም የለውም።

ባትሪ_ሠሪ፣ ሻንቱ ይበቃሃል። 75 ሚሊቮልት ለ500 አምፔር ማለት 0.15 ሚሊኦም ነው። 1000 አምፔር ሲያልፍ 150 ሚሊቮልት ይሰጥሃል። በዚያ ቅጽበት የሚበላው ኃይል 150 ዋት ነው፤ ግን ለ5 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ 0.75 ጁል ነው። ሻንቱ ለብ እንኳ አይልም። ስለዚህ ከተጻፈበት 500 አምፔር ማለፍህ አያስጨንቅህ፣ ፐልሶቹን ካላደራረብካቸው በቀር።

አሁን ሰው የሚሳሳትበት ቦታ። ሻንቱ ላይ ሁለት ትልልቅ ብሎኖችና ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። ከረንቱ በትልልቆቹ ይግባ፣ ቮልቴጁን ግን ከትንንሾቹ ብቻ ውሰድ። ትልቁ ብሎን ከኬብል ጫፉ ጋር ሲነካካ የራሱ ሬዚስታንስ አለው፤ በደንብ ካልተጠበቀ ብዙ አስር ማይክሮኦም ይደርሳል። ሻንትህ በሙሉ 150 ማይክሮኦም እኮ ነው። ከትልቁ ብሎን ላይ ብትለካ የብሎኑን ልቅነት ነው የምትለካው።

ሻንቱን በባንኩ ኔጋቲቭ በኩል አስገባው። የኦሲሎስኮፑን ግራውንድ በባንኩ ኔጋቲቭ በኩል ያለው ትንሽ ብሎን ላይ፣ የፕሮቡን ጫፍ በሌላኛው ላይ። የጌት ድራይቨሩ (ሞስፌቶቹን የሚከፍትና የሚዘጋው ቦርድ) ግራውንድ በቀጥታ ከሞስፌቱ ሶርስ እግር ጋር ይገናኝ፤ ሻንቱ በመሃላቸው አይግባ። ከሻንቱ እስከ ኦሲሎስኮፑ ድረስ ሁለቱን ሽቦ ጥብቅ አድርገህ አጠማዝዛቸው። ያችን ረጅም የአዞ አፍ ሽቦ ክብ ሠርታ ከተንጠለጠለች አንቴና ትሆንብሃለች።

ሶላር_ቤት

እኔ ግራውንድ ሉፕ እንዳይፈጠር የኦሲሎስኮፑን ገመድ የኧርዝ እግር ነቅዬ ነው የምሠራው። ነፃ ይሆናል፣ የትም ቦታ ክሊፑን ማድረግ ይቻላል።

ጋሼ_ብሬከር

ልጄ፣ እባክህ ይህን አታድርግ፤ ለሌላም ሰው አትምከር። ዕድሜዬን በሰብስቴሽን ሥራ ነው ያሳለፍኩት። የኦሲሎስኮፑ የብረት አካል፣ የግራውንድ ክሊፑና የሶኬቱ ኧርዝ ውስጥ ለውስጥ አንድ ሽቦ ናቸው። የኧርዙን እግር ነቅለህ ክሊፑን 220 ላይ ብትሰካው ኦሲሎስኮፑ በሙሉ 220 ይሆናል። ቁልፍ ልትጫን እጅህን ስትዘረጋ በአንተ በኩል ያልፋል። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ሁሉ ኧርዝ አለው ማለት አይደለም። ከኋላው ሽቦ ሳይገባለት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ብዙ አይቻለሁ። መጀመሪያ ሶኬትህን አስፈትሽ።

ከግራውንድ ውጪ የሆነ ነጥብ መለካት የግድ ከሆነ መንገዱ ዲፈረንሻል ፕሮብ (በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ የሚለካ) ነው። እሱ ከሌለ ሁለቱን ቻናል ተጠቅመህ አንዱን ከአንዱ መቀነስ ይቻላል፤ ሁለቱ የግራውንድ ክሊፖች ግን የትም አይሰኩም። ሁለቱን ክሊፖች ሁለት ቦታ የሚሰካ ሰው ሾርት እየሠራ ነው፤ ሁለቱ አንድ ናቸውና። ዩኤስቢ ኦሲሎስኮፕም በላፕቶፑ ቻርጀር በኩል ከኧርዝ ጋር ሊገናኝ ይችላል።

የባትሪ_ሠሪ ባንክ 15 ቮልት ነው፤ 15 ቮልት አይነዝርም። ግን 1.2 ፋራድ በ15 ቮልት 135 ጁል ይይዛል። ቀለበት ወይም የብረት ሰዓት አድርገህ ሁለቱን ባር ብትነካ ቀለበቱ በጣትህ ላይ ይቀልጣል። ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፣ መነጽር ይደረግ። ካፓሲተር በተገላቢጦሽ ተሞልቶ ሲፈነዳ ፊት ላይ ነው የሚመጣው። ባንኩን ስታራግፍ በካቻቢቴ አይደለም፤ በመኪና አምፖል ወይም በሬዚስተር። አምፖሉ ሲጠፋ በዓይንህ ታየዋለህ፣ ከዚያ በቴስተር አረጋግጥ።

400 ቮልት ካፓሲተር፣ ከአሮጌ ኢንቨርተርም ይሁን ከካሜራ ፍላሽ፣ ሌላ ጉዳይ ነው። 1000 ማይክሮፋራድ በ400 ቮልት 80 ጁል ነው። ከባትሪ_ሠሪ ባንክ ያንሳል፤ ሰው ግን ይገድላል። የኔን ዘመን ሰዎች በሕይወት ያቆየን ደንብ አንድ እጅ ከኋላ፣ ማራገፊያው ሁልጊዜ እንደተያያዘ፣ ከተራገፈም በኋላ በሽቦ ሾርት ተደርጎ ይቀመጥ የሚል ነው። ካፓሲተር ባዶ ከሆነ በኋላም ቮልቴጁ ቀስ ብሎ ይመለሳል።

ሶላር_ቤት

ጋሼ አመሰግናለሁ። ገመዱን ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ።

ባትሪ_ሠሪ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ለእርስዎም ለየላብ_ልጅም፦ ባንኩን የምሞላው በአሮጌ የላፕቶፕ ቻርጀርና በአንዲት ትንሽ የቮልቴጅ ማስተካከያ ቦርድ ነው። እሱ ከኦሲሎስኮፑ ጋር ይጋጫል?

የላብ_ልጅ

ይችላል። ባለ ሦስት እግር የላፕቶፕ ቻርጀሮች ብዙ ጊዜ ኔጋቲቫቸው ከኧርዝ ጋር የተያያዘ ነው። በቴስተር በቀላሉ ታየዋለህ፤ ከሶኬት ነቅለህ በኧርዙ እግርና በውጤቱ ኔጋቲቭ መካከል ሬዚስታንስ ለካ። የተያያዘ ከሆነና አንተ ክሊፑን ከሻንቱ በተቃራኒው በኩል ካደረግከው ከረንቱ ሁለተኛ መንገድ ያገኛል፤ በክሊፑ፣ በኦሲሎስኮፑና በቻርጀሩ ኧርዝ በኩል። ቁጥሩ ይበላሻል፣ ቀጭኑ ሽቦም ሊቃጠል ይችላል። ቀላሉ ነገር ከፐልሱ በፊት ቻርጀሩን ከባንኩ መንቀል ነው። ለሌላም ምክንያት ያስፈልገናል፤ እመለስበታለሁ።

ስትለካ ሴል ላይ አትበይድ። ሁለት የኒኬል ቁራጭ ደርበህ በእነሱ ላይ ሞክር።

ባትሪ_ሠሪ

ለካሁ። ቻርጀሩ ተነቅሏል፣ ሻንቱ እንዳልሽው ነው፣ ሽቦው ተጠማዟል። ኦሲሎስኮፑ በሲንግል ትሪገር፣ 50 ሚሊቮልት በየካሬው።

ያየሁት ግራ አጋባኝ። ሲከፈት ወዲያው ወደ 300 ሚሊቮልት የሚደርስ ሹል ነገር አለ። ቶሎ ይወርድና 148 ሚሊቮልት አካባቢ ይደርሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ እስከ 111 ይወርዳል። ሲዘጋ ደግሞ ወደ ታች ከስክሪኑ ወጥቶ ይጠፋል። ሹሉን ካመንኩት 2000 አምፔር አልፏል ማለት ነው። እንዴት ይሆናል?

የላብ_ልጅ

መጀመሪያ አንድ ፈተና አድርግ፤ ሁልጊዜ የምናደርገው ነው። የፕሮቡን ጫፍ ከግራውንድ ክሊፑ ጋር አንድ ላይ አድርገህ አንዱ ትንሽ ብሎን ላይ ሰካ። ሁለቱም አንድ ነጥብ ላይ ስለሆኑ ዜሮ ማየት አለብህ። ፐልሱን ልቀቅ። የሚታይ ነገር ካለ ሽቦህ ከአየር የለቀመው ነው እንጂ የሻንቱ አይደለም። እሱ ትንሽ እስኪሆን ድረስ ሽቦውን አጠማዝዝ፣ አሳጥር፣ ከወፍራሞቹ ኬብሎች አርቅ።

ባትሪ_ሠሪ

አደረግኩ። መጀመሪያ 60 ሚሊቮልት የሚሆን ሹል ነበረው። ሽቦውን ከወፍራሙ ኬብል ጎን አንስቼ በቀጤ ሳቋርጠው ከ10 በታች ሆነ። ወደ ሻንቱ ስመልሰው ግን የ300ው ሹል እዚያው ነው።

የላብ_ልጅ

ጎበዝ። እንግዲህ የቀረው የሻንቱ የራሱ ኢንዳክታንስ ነው፤ ከረንቱ በፍጥነት ሲለወጥ ቮልቴጅ የሚወልደው ባሕርዩ። እንዲህ ያለ የባር ሻንት ወደ 20 ናኖሄንሪ ሊኖረው ይችላል። ኬብሎችህና ኤሌክትሮዶችህ (ኒኬሉን የሚነኩት የመበየጃ ጫፎች) አንድ ላይ 1 ማይክሮሄንሪ ገደማ ቢሆኑ፣ 15 ቮልት ሲከፈት ከረንቱ በማይክሮሰከንድ 15 አምፔር እያለ ይወጣል። 15 ሲባዛ በ20 ናኖሄንሪ፣ 0.3 ቮልት። ያየኸው ሹል ይኸው ነው። በዚያች ቅጽበት እውነተኛው ከረንት ገና ከዜሮ መነሳቱ ነው፤ ስክሪኑ ግን 2000 አምፔር ይልሃል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ኢንዳክታንሱን ለሬዚስታንሱ አካፍለው፦ 20 ናኖሄንሪ ለ0.15 ሚሊኦም፣ 133 ማይክሮሰከንድ። በሻንቱና በኦሲሎስኮፑ መካከል ያው የጊዜ ቋሚ ያለው አርሲ ፊልተር አስገባ። 100 ኦምና 33 ኦም በሲሪስ፣ ከዚያ 1 ማይክሮፋራድ የፊልም ካፓሲተር ወደ ግራውንድ። ሻንቱ የጨመረውን ፊልተሩ በልኩ ይቀንሰዋል። ሹሉ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋና ጠርዙ ሳይንጠለጠልም ሳይሰንፍም እስኪወጣ ድረስ ሬዚስተሩን ትንሽ ከፍ ዝቅ አድርግ። ይህ የተለመደው ፊልተር ጫጫታ እንደሚያጠፋው አይነት ማለስለስ አይደለም። የከረንቱን እውነተኛ ቅርጽ ነው የሚመልስልህ።

ሹሉ ሲጠፋ ካሬውን 20 ሚሊቮልት አድርገው። የ8 ቢት ኦሲሎስኮፕ ስክሪኑን በ256 ደረጃ ነው የሚከፍለው። በ50 ሚሊቮልት አንዷ ደረጃ 10 አምፔር ነበረች፤ በ20 ግን 4 አምፔር ትሆናለች።

ሲዘጋ ወደ ታች የሚሄደውን ግን ችላ አትበለው። መጨረሻ ላይ ያየኸው 111 ሚሊቮልት 740 አምፔር ነው፤ ሞስፌቶቹ ያንን በ2 ማይክሮሰከንድ ቢቆርጡት 1 ማይክሮሄንሪው 370 ቮልት ይወልዳል። የኬብሎቹ ጉልበት የሚራገፍበት ዳዮድ ከሌለህ ሞስፌቶቹ ናቸው የሚውጡት፤ እኩልም አይካፈሉትም።

ሞተር_ጠቅላይ (ባሕር ዳር)

ሻንት ለምን? ሮጎውስኪ ኮይል (በሚለካው ኬብል ዙሪያ የሚደረግ የሽቦ ጥቅል) አይሻልም? ከሰርኪቱ ጋር በሽቦ አይገናኝም፣ ኧርዝም አያሳስብም። ሽቦ መጠቅለል ደግሞ የኔ ሥራ ነው።

የላብ_ልጅ

ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ ሮጎውስኪን በጣም ነው የምወደው። ሐሳቡን ቻቶክ በ1887 አነሣው፣ ሮጎውስኪና ሽታይንሃውስ በ1912 አሳተሙት። ዛሬም ትልልቅ ላብራቶሪዎች ውስጥ አለ። የብረት ኮር ስለሌለው ምንም ያህል አምፔር ቢመጣ ሳቹሬት አያደርግም።

እንዴት እንደምትሠራው፦ የአርጂ-58 ኮአክሲያል ኬብል ውስጠኛውን ነጭ ፕላስቲክ አውጣ፤ ውፍረቱ 2.95 ሚሊሜትር ነው። መሃል ላይ ያለው መዳብ መመለሻ ሽቦህ ይሆናል። የሞተር መጠቅለያ ሽቦ በላዩ ላይ ጎን ለጎን ጠቅልል፣ በሜትር 2000 ዙር እንዲሆን። አንተ እጅህ የለመደ ስለሆነ ወጥ አድርገህ ትጠቀልለዋለህ፤ ወጥነቱ ነው ትክክለኛነቱ። ክፍተት ካለበት ወፍራሙ ኬብል ቦታ በቀየረ ቁጥር ንባቡ ይቀየራል። እንዲህ ያለ ኮይል ከኬብሉ ጋር 17 ናኖሄንሪ ገደማ የጋራ ኢንዳክታንስ ይኖረዋል።

ግን ሮጎውስኪ የሚሰጥህ ከረንቱን ሳይሆን የከረንቱን ለውጥ ነው። በኋላ ኢንተግሬት ማድረግ (ለውጦቹን መደማመር) አለብህ። ለባትሪ_ሠሪ ፐልስ መነሻው ላይ 0.26 ቮልት ይሰጣል፣ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ከረንቱ በሚሊሰከንድ 50 አምፔር ገደማ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ያ 0.9 ሚሊቮልት ነው። ኦሲሎስኮፑ ዜሮውን በትንሹ ቢስት 5 ሚሊሰከንድ ሙሉ ሲደማመር መስመሩ ዘጭ ብሎ ይወርዳል ወይም ሽቅብ ይጋልባል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ሻንት። ለመብረቅ መከላከያ ፍተሻ ግን ሮጎውስኪ ይሻላል። እዚያ የተለመደው ፐልስ በ8 ማይክሮሰከንድ ወጥቶ በ20 ማይክሮሰከንድ ወደ ግማሽ የሚወርደው ነው። 20 ሺህ አምፔር በ8 ማይክሮሰከንድ ሲወጣ ያው ኮይል ከ40 ቮልት በላይ ይሰጣል።

ባትሪ_ሠሪ

ፊልተሩ ይገርማል! በ133 ኦም ሹሉ ሙሉ በሙሉ ጠፋ፣ ጠርዙ ክብ ብሎ ወጣ። አማካዩ 130 ሚሊቮልት ነው። ማለትም 870 አምፔር ገደማ። አሁን ይህን ቁጥር አምኜ ልሂድ?

የላብ_ልጅ

ገና ነው። ከምናለሽ ተራ የተገዛ ሻንት ላይ የተጻፈውን ማን አረጋገጠው? ያነሣሁት ሁለተኛ ምክንያት እዚህ ይመጣል። ከባንኩ የወጣው ቻርጅ ከፐልሱ በፊትና በኋላ ባለው ቮልቴጅ ይታወቃል። ቻርጀሩ ካልተነቀለ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም። ከፐልሱ በፊት ስንት፣ ወዲያው በኋላ ስንት ነበር? በፐልሱ መሃል ያለውን አትውሰድ፤ የካፓሲተሮቹ የውስጥ ሬዚስታንስ ይቀንሰዋል።

ባትሪ_ሠሪ

15.0 ነበር፣ 11.0 ሆነ። በ1.2 ፋራድ ሳባዛው 4.8 ኩሎምብ። በ5 ሚሊሰከንድ ሲካፈል 960 አምፔር። ሻንቱ 870 ይላል። ታዲያ የቱ ነው ትክክል?

አዳማ_ኤሌክትሮ

የካፓሲተር ጽሑፍ እስከ 20 በመቶ ይስታል። ያገለገለ ከሆነማ ይብሳል።

የላብ_ልጅ

አዳማ_ኤሌክትሮ ነጥቡን አገኘው። ካፓሲተሩን ለካ። 47 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር ውሰድ፤ ሬዚስተሩን ራሱን መጀመሪያ በቴስተር ለካው። ባንኩን 15 ቮልት ሙላ፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ በሬዚስተሩ አራግፍ። ከ15 ወደ 5.5 ቮልት እስኪወርድ ያለውን ጊዜ በስልክህ ያዝ። 1.2 ፋራድ ቢሆን 56 ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ባትሪ_ሠሪ

51 ሰከንድ! ሬዚስተሩ 47.0 ነው። ስለዚህ ባንኩ 1.085 ፋራድ ነው። በ4 ቮልት 4.34 ኩሎምብ፣ በ5 ሚሊሰከንድ 868 አምፔር። ሻንቱ ካለው ጋር ገጠመ።

ጋሼ_ብሬከር

እንዲህ ነው መለካት ልጄ። ሁለት የማይተዋወቁ መንገዶች አንድ ቁጥር ሲሰጡህ ማታ በሰላም ትተኛለህ።

የላብ_ልጅ

ይህ ዘዴ ለኤሌክትሮሊቲክ ነው፤ ሱፐርካፓሲተር የያዛችሁ እንዳትገለብጡት። ሱፐርካፓሲተር በደቂቃ ስታራግፉት የሚሰጠውን ያህል በ5 ሚሊሰከንድ አይሰጥም።

አሁን ወደ ጥያቄህ፣ ባትሪ_ሠሪ። ጥሩ ነጥብና መጥፎ ነጥብ እየበየድክ ከረንቱን አነጻጽር።

ባትሪ_ሠሪ

አነጻጸርኩ። ኤሌክትሮዶቹን ጫን አድርጌ ስይዝ 850 እና 880 መካከል ነው፤ ነጥቡም ጠንካራ ነው። እጄ ላላ ሲል ወደ 620 ይወርዳል፣ ነጥቡ ወዲያው ይላቀቃል። አንዳንዴ ብልጭታ አለው፤ ያኔ ቅርጹ መሃል ላይ ይቆራረጣል። ባንኩ ምንም አልሆነም፤ የያዝኩበት ግፊት ነው። ባንኩን ላሳድግ ብዬ ተጨማሪ ካፓሲተር ልገዛ ነበር። በምትኩ ስፕሪንግ ያለው መያዣ እሠራለሁ፤ ግፊቱ የተመደበለት ሲደርስ ብቻ ፐልሱ እንዲለቀቅ።

ሻንቱን እንዲሁ ውስጡ ልተወው?

የላብ_ልጅ

ተወው። 15 ቮልትህ 1000 አምፔር ገደማ ስለሚያሳልፍ የመንገዱ ሬዚስታንስ በጠቅላላው 15 ሚሊኦም ገደማ ነው፤ 0.15 ሚሊኦም የዚያ መቶኛው እጅ ነው። ከፊልተሩ በኋላ ትንሽ አምፕሊፋየር አድርገህ ወደ ማይክሮኮንትሮለሩ አስገባው። በሰከንድ 10 ሺህ ጊዜ ቢያነብ በአንድ ፐልስ 50 ነጥብ ታገኛለህ። ከረንቱ ከ800 በታች ከሆነ ቀይ መብራት ያብራ፤ የትኛውን ነጥብ መድገም እንዳለብህ ሴሉን ሳትነቅል ታውቃለህ።

ሞተር_ጠቅላይ

እኔ ኮይሉን ልጠቀልለው ነው፤ እዚህ የመብረቅ መከላከያ የሚገጥም ጓደኛ አለኝ። እህቴ፣ ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበት ቦታ ምን ያህል ክፍተት ይፈቀዳል?

የላብ_ልጅ

የምትችለውን ያህል ጠባብ፣ ሁለት ሚሊሜትር አይለፍ። የሚለካውን ኬብል ደግሞ ከመገናኛው በተቃራኒ በኩል አሳልፈው።